የደም ኢንሱሊን ምርመራ፦ ናሙናው መቼ ይወሰድ?

የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሕመምተኛ ቀዳሚው ተግባር ግሉኮስ መስጠት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው የስኳር በሽታ የሌለበትና የስኳር መድኃኒት የማይወስድ ከሆነ፣ ለግሉኮሱ የደም ሥር በሚከፈትበት ቅጽበት ናሙና ካልተወሰደ የበሽታው ምክንያት ተሰውሮ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በገጠመን ጊዜ ለኢንሱሊን ምርመራ የሚሆነው ደም የተቀዳው 40 በመቶ ግሉኮስ ከተሰጠው በኋላ ነበር። ውጤቱ ከፍተኛ ሆኖ ተመለሰ፤ ግሉኮስ የገባለት ጤናማ ቆሽትም ኢንሱሊን ስለሚያመነጭ ቁጥሩ ምንም አልነገረንም። ሕመሙ እንደገና እስኪነሣበት መጠበቅ ግድ ሆነ።

የኢንሱሊን መጠን አብሮት ከተለካው የደም ስኳር ተነጥሎ ትርጉም አይሰጥም። የደም ስኳር ሲወርድ ጤናማ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ሊያቆም ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቀንሳል። ስለዚህ የደም ስኳር ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሆኖ ሳለ ኢንሱሊን 3 ማይክሮ ዩኒት በሚሊሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ፣ ቁጥሩ ላቦራቶሪው ጤናማ ብሎ ባተመው ወሰን ውስጥ ቢያርፍም እንኳ ጤናማ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ኢንሱሊኑ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቆሽት ፕሮኢንሱሊንን ሲሰነጥቅ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ እኩል ይወጣሉ፤ በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ኢንሱሊን ከፍ ብሎ ሲ-ፔፕታይድ ዝቅ ካለ መርፌ ይጠረጠራል። ሲ-ፔፕታይድም 0.6 ናኖግራም በሚሊሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ራሱ ቆሽቱ ነው። ይህ ግን የቆሽት ዕጢ መኖሩን አያረጋግጥም፤ በስሕተት የተዋጠ ግሊቤንክላሚድም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ወደ ቀዶ ሕክምና ከመላክ በፊት መድኃኒቱ በደም ውስጥ መኖሩ ይመርመር፤ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ደግሞ በቤቱ የስኳር ሕመምተኛ መኖሩን፣ በቅርቡም ከመድኃኒት ቤት ምን እንደተገዛ በጥንቃቄ መጠየቅ ይገባል። ኩላሊት ሲደክም ሲ-ፔፕታይድ ያለ ሌላ ምክንያት ከፍ እንደሚልም አይዘነጋ።

ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ ያደረጉት የኢንሱሊን መለኪያ ዘዴ መነሻ፣ ኢንሱሊን በሚወጉ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ያገኙት ፀረ እንግዳ አካል ነበር። የሚገርመው፣ ያው ፀረ እንግዳ አካል ዛሬም ውጤቱን ያዛባል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ መለኪያዎች እንደ ግላርጂን ያሉ አዳዲስ የኢንሱሊን ዓይነቶችን ስለማይለዩ፣ መርፌ የወሰደ ሰው ኢንሱሊኑ ዝቅተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በአያያዝም ረገድ ጥንቃቄ ያሻል። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈነዱ የሚወጣው ኢንዛይም ኢንሱሊንን ስለሚሰብር ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ይላል። ናሙናው በበረዶ ተይዞ ይድረስ፣ ሴረሙም ሳይዘገይ ይለይ፤ የሚላከው ወደ ሌላ ከተማ ከሆነ ይቀዝቅዝ። ለደም ስኳር የሚሆነው ፍሎራይድ ባለው ቱቦ በዚያው ሰዓት ተቀድቶ አብሮ ይላክ፤ ግሉኮስ የተሰጠበት ሰዓትም በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።