የልጆች ልብስ የወገብ ላስቲክ፦ ሊለወጥ በሚችልበት መንገድ መስፋት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የምናነባት ጣቢታ በኢዮጴ ለነበሩ መበለቶች ልብስ ትሠራ ነበር። ባረፈችም ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የእጇን ሥራ ነው። በቤታቸው ለልጆቻቸው የሚሰፉ እናቶችም ይህንኑ መልካም ምግባር የሚፈጽሙ ናቸውና፣ የልብስን ዕድሜ ስለሚወስን አንድ ጉዳይ በአጭሩ እናብራራለን፤ ይኸውም የወገብ ላስቲክ አሰፋፍ ነው።

ቀድሞ ወገብ የሚጠብቀው በመቀነትና በሱሪ ማሰሪያ ነበር። ላስቲክ የተወደደው ሕፃን ልጅ ያለ ሰው እርዳታ ልብሱን ለማውለቅና ለመልበስ ስለሚያስችለው ነው። ሆኖም ላስቲክ ከጨርቁ ቀድሞ ያልቃል። በክር የተሸፈነ ጎማ በመሆኑ ሙቀት፣ ፀሐይና ቅባት ያበላሹታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት፤ አንኮበርም ጉም የሚያዘወትራት ደጋ ናት። በእንዲህ ያለ አገር በክረምት የታጠበ ልብስ ምድጃ ዳር ይደርቃል፤ የከሰል ካውያም ያርፍበታል። ከጊዜ በኋላ ላስቲኩ ተስቦ አይመለስም። ከጨርቁ ጋር በቀጥታ ተሰፍቶ ከሆነ ስፌቱ ሲፈታ ጨርቁ ይቀደዳል። ስለዚህ ገና ደኅና የሆነ ሱሪ ወገቡ በመላላቱ ብቻ ይጣላል፤ ለድሀ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መፍትሔው ላስቲኩ እንደ ልብ የሚገባበትና የሚወጣበት መተላለፊያ ማበጀት ነው።

1. ልብሱ ሲቆረጥ ከወገብ በላይ 4 ሳንቲ ሜትር ይተረፍ። ያልተሰበሰበው የወገብ አፍ ከዳሌው ልክ ሰፋ ማለት አለበት፤ አለዚያ ልብሱ ሲወጣ ያስቸግራል።

2. ጠርዙ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ታችኛው ዳር ይሰፋ። ይህ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ላስቲክ ይበቃል። ከኋላ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይሰፋ ይቅር።

3. ላስቲኩ ከወገቡ ልክ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠር፤ ወገቡ 54 ቢሆን 50 ማለት ነው። በዚህ ላይ ለመደራረቢያ 8 ሳንቲ ሜትር ይጨመር።

4. ላስቲኩ ጫፉ ላይ በተሰካ መርፌ ቁልፍ ተስቦ ይለፍ። ሁለቱ ጫፎች ሳይጣመሙ 8 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው በእጅ ይሰፉ። ልጁ ሲያድግ ይህ ተፈትቶ ወገቡ ይሰፋለታል።

5. ልብሱ ተለብሶ ሁለት ጣት ከላስቲኩ ሥር በቀላሉ ከገባ ልኩ ነው፤ ቆዳ ላይ ምልክት ከተወ ግን ጠብቋል። ከዚህ በኋላ ክፍቱ በመኪና ሳይሆን በእጅ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ይዘጋ፤ በኋላ ለመፍታት እንዲቀል።

ጨርቁ እንደ መንዝ ባና ወፍራም የሱፍ ሥራ ከሆነ ሲታጠፍ ስለሚያብጥ፣ መተላለፊያውን ከአቡጀዲ ቆርጦ ከውስጥ መቀጠል ይሻላል። ትልቅ ሰው የለበሰውን ሰልባጅ ለልጅ ለማሳነስም ይኸው ዘዴ ያገለግላል።

እንዲህ የተሰፋ ልብስ ላስቲኩ ሲያልቅ አዲስ ይገባለታል፤ ከታላቅ ወደ ታናሽም ይተላለፋል። የእናት ድካም በአንድ ክረምት እንዳይቀር ማድረግ የተሰጠንን በአግባቡ መጠበቅ ነው።