አዲስ የመረጃ ቋት ከንጹህ አብነት ሊቀዳ ይገባዋል

የመሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ማህደር፣ የንብረት ዝርዝርና የባለጉዳዮች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር በቅድሚያ የሚዘጋጀው የመረጃ ቋት ነው። ይሁን እንጂ አዲስ የተባለ ቋት ሁሉ ባዶ ሆኖ ሥራ አይጀምርም።

በነጻ የሚሠራጨው ፖስትግሬስኪውኤል የተሰኘው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ለዚህ አስረጂ ነው። የሶፍትዌሩ መነሻ እ.ኤ.አ በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረ የምርምር ፕሮጀክት ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ በ1996 ነው።

ሶፍትዌሩ አዲስ ቋት የሚፈጥረው ነባር ቋት በመገልበጥ ነው። ለዚህም ሲተከል "ቴምፕሌት1" እና "ቴምፕሌት0" የተባሉ ሁለት አብነቶችን ያዘጋጃል። ባለሙያው በትዕዛዙ ላይ ሌላ ካልጠቀሰ በስተቀር የሚገለበጠው ቴምፕሌት1 ነው።

ቴምፕሌት1 ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ፣ ለሁሉም ቋቶች የሚያስፈልግ ሠንጠረዥ ወይም ተግባር አንድ ጊዜ ከተጨመረበት ከዚያ በኋላ በሚፈጠሩት ሁሉ ውስጥ ይገኛል። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በስህተት ለሙከራ የገባ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ቢኖር፣ ለሌላ ክፍል በሚዘጋጀው ቋት ውስጥም ይገለበጣል። ሁኔታው ስም የተጻፈበትን ቅጽ ባዶ ነው ብሎ አባዝቶ እንደማደል ይቆጠራል።

ቴምፕሌት0 በአንጻሩ ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡትን መሠረታዊ ይዘቶች ብቻ የያዘ ነው። በመደበኛው አሠራር ማንም ተጠቃሚ ሊገናኘው ስለማይችል ንጽህናው ተጠብቆ ይቆያል። በመሆኑም ንጹህ ቋት የሚፈልግ ባለሙያ በመፍጠሪያው ትዕዛዝ ላይ ቴምፕሌት0ን በስም መጥቀስ ይኖርበታል።

ይህ አሠራር በተለይ የመጠባበቂያ ቅጂ በሚመለስበት ጊዜ ጠቃሚ ነው። መረጃው ከቴምፕሌት1 በተቀዳ ቋት ላይ ቢመለስ፣ ቀድሞ በአብነቱ ላይ የተጨመሩት ሠንጠረዦች ከሚመለሱት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

ጉዳዩ የግእዝ ፊደልንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በዩኒኮድ የተካተተ ሲሆን፣ አማርኛን በአግባቡ ለመመዝገብ ቋቱ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ ሊዘጋጅ ይገባል። ቴምፕሌት1 በላቲን የፊደል ኮድ ተዘጋጅቶ ከሆነ ከእርሱ የዩቲኤፍ-8 ቋት ለመቅዳት የሚሰጠው ትዕዛዝ ውድቅ ይሆናል። ከቴምፕሌት0 ሲቀዳ ግን ኮዱን መምረጥ ይቻላል።

ቴምፕሌት1 ከተበላሸ ከቴምፕሌት0 እንደገና ሊፈጠር ይችላል። ይሁንና ይህ እርምጃ ቀደም ሲል የተፈጠሩትን ቋቶች አያጸዳም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መፈተሽ ይኖርባቸዋል። በመሆኑም አዲስ ቋት የሚረከብ ኃላፊ ቋቱ ከየትኛው አብነት እንደተቀዳ አስቀድሞ መጠየቅና ምላሹን በርክክብ ሰነዱ ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል።