የብየዳ ጄኔሬተርና የኃይሉ መመለሻ ፍኖት

የመስመር መብራት ባልደረሰበት ሥፍራ ድልድይ ሲገጠም፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሲዋቀር ወይም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፣ በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ ወይም በሁለት ጎማው እየተጎተተ የሚመጣው ባለሞተር የብየዳ ጄኔሬተር፣ ሁለት ልዩ ልዩ ባሕርያት በአንድ አካል የተዋሐዱበት መሣሪያ ነው። በአንድ ወገን ብረትን አቅልጦ ከብረት የሚያጋባውን፣ አምፔሩ ብዙ ቮልቱ ግን ጥቂት የሆነውን የብየዳ ኃይል ያመነጫል፤ በሌላው ወገን ግራይንደሩንና መሰርሰሪያውን የሚያሽከረክረውን፣ የሌሊቱንም አምፖል የሚያበራውን ባለ 230 ቮልት ኃይል በሶኬቶቹ በኩል ያድላል። በያጆቻችን የመጀመሪያውን አጥብቀው ይፈሩታል፤ ብርሃኑ ዓይን ይወጋልና፣ ፍንጣሪውም ልብስ ያቃጥላልና፤ ሁለተኛውን ግን ከቤታቸው ግድግዳ ሶኬት ለይተው ስለማያዩት ይንቁታል። እኔ በዚህ ሙያ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህንኑ የተናቀውን ዝምተኛ ኃይል ነው፤ ይህንም ማስታወሻ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ስለ ኧርዝ በየሥራው ቦታ ሥር ሰዶ የኖረ አንድ የተሳሳተ እምነት ነፍስ የሚያስጠፋ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ማሽኑ ስለሚያርፍበት ሥፍራ ጥቂት ማለት ይገባኛል። በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ፣ የሐምሌ ዝናብ በበረታ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ማሽኑ እንዳይበሰብስ በማሰብ ገና ባልተፈጸመው ቤተልሔም ውስጥ አስገብተውት ደረስሁ። በሩ ክፍት ነው፣ መስኮቱም መዝጊያ ገና አልተገጠመለትም፤ ስለዚህ አየሩ ይበቃል ብለው ነበር። ከማርሚታው የሚወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ከደም ጋር ለመጣበቅም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ የሚቀድም ረቂቅ መርዝ ስለ ሆነ፣ ክፍት በርና ክፍት መስኮት ለእርሱ ማስተማመኛ አይሆኑም፤ በክረምት ሌሊት የከሰል ምድጃ ይዞ በር ዘግቶ የተኛውን ቤተሰብ ሳይነቃ የሚያስቀረውም ያው ጋዝ ነው። ማሽኑን ወዲያው አስወጣን፤ ከማናቸውም በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቀን፣ ማርሚታውን ሰው ከሚሠራበት ወገን አዙረን፣ በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ ብቻ አልብሰን፣ ጎንና ጎኑን ክፍት አድርገን አቆምነው። ከዝናብም ዳነ፣ ሰዎቹም ዳኑ።

ማሽኑ የሚቆምበት መሬት የተስተካከለ ሊሆን ይገባል፤ ያዘነበለ ሞተር ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ፣ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስብና ሞተሩ ይነክሳል። ከፍታውም አይዘነጋ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህሉን ስለሚያጣ፣ በሰሌዳው ላይ 8 ኪሎዋት የተጻፈለት ማሽን ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ላይ ከ6 ኪሎዋት ብዙም አይዘልም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከፋብሪካው ቁጥር ጋር እኩል ሲጭንበት ቮልቱ ወርዶ የሌሎቹን መሣሪያዎች ሞተር ያቃጥላል።

አሁን ወደ ኧርዙ ልመለስ። በአቃቂ በኩል የአንድ መጋዘን ሥራ እንድመረምር ተጠርቼ በሚያዝያ ወር በሄድሁ ጊዜ፣ ማሽኑን የያዘው ወጣት በያጅ በጨዋ ደንብ ተቀብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ስለ ኧርዙ እንኳ ሐሳብ አይግባዎት፤ ዘንጉን እስከ አንገቱ ቀብረነዋል፣ ጨውና ከሰልም ጨምረንበታል» አለኝ። «ከተቀበረ ወዲህ ውኃ አጠጥታችሁታል ወይ?» ብለው፣ «ኧረ የለም» አለ። ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ዋልካ በበጋው ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከብረቱ ፈቀቅ በማለቱ፣ በመካከላቸው እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፤ ዘንጉንም በሁለት ጣቴ ይዤ ብነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱን አንቆ ስለሚይዝ ለኧርዝ መልካም አፈር ነው፤ በበጋ ግን ያው አፈር ከብረቱ ተለይቶ ይርቃል፤ ስለዚህም በነሐሴ የተለካ ኧርዝ ለሚያዝያ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሆኖም በዚያ ዕለት ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነበረ። ከጄኔሬተሩ ሶኬት ተነሥቶ 30 ሜትር ያህል ርቆ ወደ ቆመው የኮንክሪት ሚክሰር የሚሄደው ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ነው፤ ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የኧርዝ ሽቦ ስለ ጎደለ፣ ሠራተኞቹ ጉድለቱን ለመሙላት ከሚክሰሩ አጠገብ ሌላ ዘንግ ቀብረው አካሉን ከእርሱ ጋር አስረውታል። በሐሳባቸው፣ ኃይሉ ከሽቦው አምልጦ አካሉን ቢነካ፣ በዘንጉ በኩል ወደ መሬት ሰርጎ ይጠፋል። ከላይ የጠቀስሁት የተሳሳተ እምነት ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል መሬት ገብቶ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ከጄኔሬተሩ ጥቅል ሽቦ ተነሥቶ ዞሮ ወደዚያው ወደ ተነሣበት ካልተመለሰ በቀር ከቶ አይጓዝም፤ መሬትም ለእርሱ ማረፊያው ሳትሆን፣ የተሻለ ፍኖት ባጣ ጊዜ እየተጨነቀ የሚያልፍባት ጠባብ መንገድ ናት። የሁለቱ ዘንጎች ተቃውሞ ተደምሮ 40 ኦህም ቢሆን፣ 230 ቮልት በዚያ መንገድ ሊያሳልፍ የሚችለው ከ6 አምፔር ያነሰ ነው፤ ባለ 16 አምፔሩም ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ቆጥሮ ዝም ይላል። ዘንጎቹ ተቃውሞውን እኩል ቢካፈሉት የሚክሰሩ አካል ከ100 ቮልት በላይ ተሸክሞ ይቆያል፤ እግሩ ሲሚንቶ ውኃ የረገጠ የቀን ሠራተኛ የብረቱን እጀታ እስኪይዝ ድረስም ይህን የሚነግረው ምልክት የለም። የጎደለችው ሽቦ ኖራ ቢሆን ግን፣ ወፍራም መዳብ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ተቃውሞው ከ1 ኦህም እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ያመለጠው ኃይል በአንድ ጊዜ ተግተልትሎ ወደ ምንጩ ሲመለስ ብሬከሩ ወዲያው በቆረጠው ነበር። ሰውየውን የምታድነው ያቺ ሽቦ ናት።

ስለዚህም ምክንያት፣ የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት ደንብ፣ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር በራሱ ላይ በተገጠሙት ሶኬቶች ብቻ በገመድ ለሚሰኩ መሣሪያዎች ኃይል የሚሰጥ ከሆነ፣ ኃይል የማይሸከሙት የብረት ክፍሎቹና የሶኬቶቹ የኧርዝ ጫፎችም ከአካሉ ጋር በሚገባ የተያያዙ ከሆኑ፣ ዘንግ እንዲተከልለት አያስገድድም። ይህን ስል ዘንጉን ጣሉት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የማሽኑ መጽሐፍ ወይም የሥራው ውል ሲያዝዝ ይተከላል፣ ጄኔሬተሩ የአንድን ሕንፃ ማከፋፈያ ሰሌዳ የሚያበላ ሲሆንም ያለ ዘንግ አይሆንም፤ ሲተከልም ወደ 2.4 ሜትር የሚሆን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሊገባ ይገባዋል እንጂ፣ ከፌሮ የተቆረጠ አጭር ቁራጭ በመዶሻ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ኧርዝ አይባልም። የምለው ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው። ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በመልቲሜትር ከጄኔሬተሩ አካል እስከ ሶኬቱ የኧርዝ ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ግራይንደሩ ወይም እስከ ሚክሰሩ አካል ድረስ መንገዱ ሳይቋረጥ መዝለቁ ይመርመር። ማሽኑ በመኪና ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ቀለም የተቀባው የጭነት ወለል አያያዘው ብሎ መታመን አይገባም፤ ቀለሙ ተፍቆ፣ አካሉ ከመኪናው ሻንሲ ጋር በብሎንና በወፍራም ገመድ ይታሰር።

ኒውትራሉም ጥያቄ ይነሣበታል። በአንዳንዱ ማሽን ፋብሪካው ኒውትራሉን ከአካሉ ጋር አያይዞታል፣ በሌላው ደግሞ ለብቻው ትቶታል፤ የተለየ በሆነበት ማሽን የመጀመሪያው ብልሽት ማንም ሳያውቀው ተሰውሮ ይቆይና አደጋው በሁለተኛው ብልሽት ይገለጣል። በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት የሚቆርጠው መጠበቂያም ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ኃይሉ የሚመለስበት ይህ ማያያዣ ሲኖር ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ይነበብ፤ የመጠበቂያውም መፈተኛ ቁልፍ በየማለዳው ይጫን።

ብዙዎች ከኧርዙ ጋር የሚያደባልቁት ሌላ ገመድ አለ፤ እርሱም ከሚበየደው ብረት ጋር የሚቆነጠጠው የማሳ ገመድ ነው። ይህ የጥበቃ ሽቦ አይደለም፤ ኤሌክትሮዱን ከያዘው ፒንሳ የወጣው ከመቶ በላይ አምፔር ሁሉ የሚመለስበት የሥራ መንገድ ነው። በያጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማሳውን ከታች ከምሰሶው እግር ቢቆነጥጠው፣ ያ ሁሉ ኃይል በየብሎኑ፣ በየዝገቱና በየቀለሙ መካከል መንገድ እየፈለገ ይወርዳል። መንገዱ ላይ የክሬን ሽቦ ገመድ ካገኘ ክሮቹን ያቃጥላል፣ ኩሽኔታ ካገኘ ኳሶቹን ይቦረቡራል፤ ብረቱ ላይ የተጋደመ ግራይንደር ካገኘም በቀጭኗ የኧርዝ ሽቦ በኩል አልፎ ላስቲኳን አቅልጦ ይበጥሳታል፤ መበጠሷም የሚታወቀው ከዘገየ በኋላ ነው። እንግዲህ ማሳ በተፋቀ ብረት ላይ፣ ለሚበየደው መጋጠሚያ በተቻለ መጠን ቀርቦ ይያዝ። ፒንሳውም ሥራ ሳይሠራ ሲቀር 80 ቮልት ያህል ይዞ ስለሚቆይ፣ በቆላ ሙቀት ጓንቱ በላብ የራሰ በያጅ ኤሌክትሮድ ሲቀይር ይህን አይርሳ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ የመስመሩንና የጄኔሬተሩን ኃይል የሚለይ ቼንጅ ኦቨር ሳይኖር፣ በሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ገመድ ሠርቶ የጄኔሬተሩን ኃይል በቤቱ ሶኬት በኩል ወደ ውስጥ የሚሰድድ ሰው ሥራ ነው። ዋናው ማጥፊያ ካልተዘጋ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ኋላ ይወጣና እስከ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩም በአንዱ ወገን የሚያወርደውን በሌላው ወገን ስለሚያወጣው፣ መስመሩ ተቋርጧል ተብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ 15 ሺህ ቮልት ሊያገኘው ይችላል። ያ ሰው ልጆች አሉት። ቼንጅ ኦቨር ለመግጠም ገንዘብ የለኝም የሚል ባለቤት፣ አምፖሉንና ፍሪጁን ከጄኔሬተሩ ራሱ በኤክስቴንሽን ይሳብ፤ ከግድግዳው ጋር ግን አያገናኘው።

ስለ ነዳጁ በአጭሩ ልናገር። ቤንዚን በሚሠራ ወይም ገና በጋለ ሞተር ላይ አይቀዳም፤ ጀሪካኑም ፕላስቲክ በተነጠፈበት የመኪና ወለል ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀምጦ ይሞላ፣ በፍትጊያ የሚከማቸው ረቂቅ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥራልና። የብየዳ ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ነዳጁና የእንጨት ፍቅፋቂው ከዚያ ይራቁ፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እሳት የሚጠብቅ ሰው ይቆይ። ማታ ሲዘጋ በመጀመሪያ ኤሌክትሮዱ ከፒንሳው ይወጣል፣ ቀጥሎ በሶኬቶቹ ላይ ያለው ጭነት ሁሉ ይነቀላል፣ ሞተሩ ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ሲበርድ ይጠፋል፤ የኧርዙ ሽቦ ግን ጠዋት ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ታሰረ ማታ ከሁሉ በኋላ ይፈታል።