ገመድን የሚነክስ ቋጠሮ

ቤት አጠገብ የቆመ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ወደ ቤቱ እንዳይወድቅ በገመድ እንስበዋለን። ገመዱን በባዶ እጅ ብቻ ከያዝነው ግን ያሙለጨልጨናል። ስለዚህ ቀጭን ገመድ ቋጥረን ቀለበት እንሠራና በወፍራሙ ላይ እንጠመጥመዋለን፤ የምንስበው ቀለበቱን ነው። ጭነት ማሰር የለመደ ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል።

አንደኛው ጥምጥም ፕሩሲክ ይባላል። ካርል ፕሩሲክ የተባለ ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ቀለበቱ ወፍራሙን ገመድ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በየዙሩም በራሱ ውስጥ ያልፋል። ሲረግብ በእጅ ይገፋል፣ ሲሳብ ጭምቅ አድርጎ ይነክሳል። ይህን የሚያደርገው ሰበቃ ነው። ሁለቱ ገመዶች እኩል ከወፈሩ ግን እንጃ፣ አያስተማምንም!

ፕሩሲክ ወደ ሁለቱም ወገን ይይዛል፤ ከከባድ ስበት በኋላ ግን አልፈታ ይላል። ክሌምሃይስት የሚባለው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይይዛል፣ ሲላላም አያስቸግርም። ዛፍ የሚሳበው ወደ አንድ ወገን ስለሆነ እኛ ይህን እንመርጣለን። ዛፉ ሲያዘነብል ገመዱ ይረግባል፤ ያኔ ጥምጥሙን ወደ ዛፉ ገፋ አድርጎ እንደገና መሳብ ነው።

የናይለን ገመድ ተወጥሮ ሳለ ጥምጥሙ ከተንሸራተተ በሙቀት ይቀልጣል። ሲያዳልጥ ካየን አቁመን አንድ ዙር እንጨምርበት። ሳቢዎቹ ደግሞ ከዛፉ ቁመት አልፈው ይቁሙ፤ የሚወድቀው ወደ እነሱ ነውና።