ደሴንና ኮምቦልቻን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጎበኝ እንግዳ፦ የሁለት ቀን ጉዞ ዕቅድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየብስ ወደ ላሊበላ የሚያመራ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ደሴን የሚያውቃት በማደሪያነቷ ነው። ማታ ይደርሳል፤ ጎህ ሲቀድ ጥሏት ይሄዳል። ከተማዋ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ አካባቢዋ ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ይገባቸዋል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው እንግዳ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ምን እንደሚተው ነው።

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ የኢንዱስትሪ ከተማ ስትሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው በኮምቦልቻ በመሆኑ በአየር የሚመጣ እንግዳ ደሴ የሚገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነውና ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ስለሚበረታ ለጉብኝት የተሻለው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለው ነው። ይሁንና መስከረም 21 ቀን በአምባሰል ወረዳ በምትገኘው ግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረው በዓል በርካታ ምዕመናንን በደሴ በኩል ስለሚያሳልፍ፣ በእነዚያ ቀናት መኝታ ቀድሞ ያልያዘ ሰው ይቸገራል።

የመጀመሪያውን ቀን ለደሴ መስጠት ተገቢ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ በሥፍራው ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ባለ ጭራ ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» እንዳሉት ይነገራል። ለከተማዋ እድገት መሠረት የጣሉት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት እኚህ የወሎ መሪ ክርስትና የተነሱት፣ ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ርቀት ላይ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ነው። ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የሚል ስም የተሰጠውም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን፣ ባለጸጋውንና ድሃውን ሳይለይ ያስተናግድ ስለነበረ እንደሆነ ይወሳል። አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው አይጠየፍን ይምረጥ። የወሎ ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚታየው እዚያ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጎበኘው የደሴ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. የህወሓት ኃይሎች ከተማዋን ለሳምንታት በያዙበት ወቅት ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ስለሆነም ቀደም ሲል በታተሙ የጉዞ መጻሕፍት የተዘረዘሩትን ቅርሶች ሁሉ አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይገባም፤ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንባቸውን ሰዓታትም አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ደሴ ከዚህ በፊትም ጦርነት ያየች ከተማ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ሳሉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደብድበዋታል፤ የቦምብ ጥቃቱ ሆስፒታሉን ሳይቀር ጎድቷል።

ስለ ምግብ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሁለቱም ከተሞች የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች የተለያዩ ስለሆኑ እንግዳው ከመቀመጡ በፊት ቢጠይቅ የሚቀየመው የለም። ረቡዕና ዓርብ በክርስቲያኖቹ ምግብ ቤቶች የሚበዛው የጾም ምግብ ነው።

ሁለተኛው ቀን ምርጫ የሚጠይቅ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሐይቅ ከተማና በስሙ የሚጠራው ሐይቅ ይገኛሉ። በዚያ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል የነበረ ሲሆን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ሴትና ወንድ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ይህን ከወዲሁ ሊያውቁ ይገባል።

ሌላው አማራጭ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባቲ ናት። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በስሟ የሚጠራው ባቲ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመልና ከብት፣ እህልና ጨርቅ በሚገበያዩበት የሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ከሰኞ ውጪ የሄደ ሰው ግን ጸጥ ያለች የቆላ ከተማ አይቶ ይመለሳል። እንግዲህ ሁለተኛው ቀን ሰኞ ከሆነ ኮምቦልቻ አድሮ በማለዳ ወደ ባቲ መውረድ፣ ካልሆነ ደግሞ ያለማመንታት ወደ ሐይቅ መሄድ ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ የሚጣደፍ ሰው ቀኑን በመኪና ውስጥ ይጨርሳል።

በአካባቢው መንገዶች ላይ የጸጥታው ሁኔታ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከመነሳት በፊት ከከተሞቹ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችና በየዕለቱ ከሚመላለሱ ሾፌሮች መረጃ መውሰድ ይገባል። በአውሮፕላን የሚመለስ እንግዳም ሐረጎ ላይ ጉም ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ ከደሴ ቀደም ብሎ ቢነሳ ወይም የመጨረሻዋን ሌሊት ኮምቦልቻ ቢያድር ይመረጣል።