እንዴት ይሠራል? ሰላምታ በራውተር በኩል

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ቂርያት ማላኪ ውስጥ ስንቱ ሳሎን ጎንደር ይደውላል! ስልኩ ከስኒዎቹ መሃል ይቀመጥና «ሃሎ! ይሰማል?» ይጀመራል። ገደራም ያቭኔም ያው ነው።

ስልካችሁ ንግግራችሁን እንደ ሽንኩርት ይከትፈዋል። አንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ የሴኮንድ 50ኛ ክፍል ነው፤ 10 ደቂቃ ካወራችሁ ከእናንተ በኩል ብቻ 30,000 ያህል ቁራጭ ይወጣል። እያንዳንዱ ላይ አድራሻና ተራ ቁጥር ይለጠፍና ራውተሩ ይሸኘዋል።

መንገድ ላይ 7ኛው 6ኛውን ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ስልክ ለቅጽበት ታግሶ በቁጥራቸው ይደረድራቸዋል። በጣም የዘገየውን ይጥለዋል፤ ወጡ ከቀረበ በኋላ የመጣ ሽንኩርት ምን ይሠራል? ስልኩም ክፍተቱን ከጎኑ ያለውን ድምፅ አስመስሎ ይሞላዋል። የአክስታችሁ ድምፅ አንዳንዴ እንደ ቆርቆሮ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እስቲ ሞክሩት። አንዳችሁ ወጥ ቤት፣ አንዳችሁ ሳሎን ሆናችሁ በዋትስአፕ ተደዋወሉ። ወጥ ቤት ያለው ጮክ ብሎ «አንድ፣ ሁለት» ይበል። ሳሎን ያለው መጀመሪያ በበሩ፣ ቀጥሎ በስልኩ ይሰማዋል። መሃል ያለችው ጊዜ የመክተፊያ፣ የመላኪያና የመደርደሪያ ናት። አሁን ደግሞ ስልኩን ይዛችሁ በሚሠራ ማይክሮዌቭ አጠገብ ቁሙ። ዋይፋያችሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ማይክሮዌቩም ምግቡን የሚያሞቀው በዚያው አካባቢ ባለ ሞገድ ነው።

ያች የመዘግየት ጊዜ ጎንደር ድረስ ስትሄድ ትረዝማለች። ባለሙያዎቹ ድምፁ ለመድረስ ከ0.15 ሴኮንድ ባይበልጥ ይመርጣሉ። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ተራ አይጠብቅም፤ «እንዴት ናችሁ?» ስንል እነሱም «እናንተ እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ?» ይላሉ። ፊት ለፊት ሲሆን ያምራል። በዘገየ መስመር ግን ይጋጫል፤ ሁለታችንም ዝም፣ ሁለታችንም እንደገና። እዚሁ እስራኤል የነበረው ቮካልቴክ የተባለ ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. «ኢንተርኔት ፎን» የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ የሐበሻን ሰላምታ ያሰበ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው የቤት ስልክ ኤሌክትሪኩን በመዳብ ሽቦው ከማዕከል ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ከራውተር ጋር የተያያዘው ግን ራውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አያት ባሉበት ቤት ቻርጅ የተደረገ ሞባይል አይታጣ፤ አምቡላንስ 101 ነው።