«አንቺ ተይቢው»

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሽሮ ሜዳን አልፎ ስድስት ኪሎ ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት በዚህ መንገድ የሚወርዱ ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ታክከው ያልፉ ነበር። ሰው እንጨት ለቃሚ ይላቸዋል። ስሙ ግማሹን ሥራቸውን ይደብቃል፤ ነጋዴዎችም ናቸውና። ዋጋ ይተምናሉ፣ ደንበኛ ይይዛሉ፣ የደን ጥበቃ የወረሰባቸውን ሸክም ከኪሳራ ይቆጥራሉ፣ የተረፈቻቸውን እቁብ ይጥላሉ። ከአጥሩ ማዶ፣ ተማሪው ኤፍቢኢ በሚለው የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ግቢ፣ ይኸው ጉዳይ ማርኬቲንግ፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ተብሎ በዲግሪ ይሰጣል።

በቢዝነስ ትምህርት የሴቶች እኩልነት ሲነሣ ንግግሩ ብዙ ጊዜ «ሴቶችን ወደ ንግድ እናምጣ» ብሎ ይጀምራል። መነሻው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። በዚህ አገር ሴት ከንግድ ርቃ አታውቅም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ አብረዋቸው የነበሩት እቴጌ ጣይቱ፣ ከተማው ከተራራው ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ፣ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አስከፍተዋል። ጉሊቱንም፣ ጠላ ቤቱንም፣ የበርበሬ ተራውንም ማን እንደያዘው የታወቀ ነው። የጎደለው ንግዱ አይደለም። መዝገቡ፣ ፊርማውና ሰብሳቢነቱ ነው።

ጉድለቱ ደግሞ በሕግ የተጻፈ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም ያገባ ሰው መነገድ የሚችለው የትዳር ጓደኛው እስካልተቃወመ ድረስ ነው ይል ነበር። ቃሉ ለባልም ለሚስትም እኩል ነው፤ አንዱ ራስ በሆነበት ቤት ግን ማን ማንን እንደሚቃወም አያከራክርም። የባል ራስነት ከሕጉ የወጣው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲጸድቅ ነው። ለዚያ ብዙ የደከመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የእናት ባንክ የቦርድ ሰብሳቢ ሆነዋል። ከሚስትነት ሕግ ወደ ባንክ መሄዳቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የገንዘቡ ፊርማ የማን ነው?

ትምህርት ቤቱም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ዛሬም ብዙው ሰው ኮሜርስ የሚለው፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች የሂሳብ ሠራተኛና ጸሐፊ ሲያፈራ ኖሯል። የታይፕ መምቻው ወንበር ቀስ በቀስ የሴት ሆነ፤ ከበሩ ኋላ ያለው የሥራ አስኪያጁ ወንበር የወንድ። ሙያው ክቡር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አሳድጓል። ነገር ግን ሴትን በመሥሪያ ቤት ስናስብ ዓይናችን በቀጥታ ወደዚያ ወንበር እንዲሄድ አስለምዶናል።

ከዚያ የመግቢያው ክርክር መጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ስለፈቀደ፣ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥባቸው ከወንዶቹ ጥቂት ዝቅ ይል ነበር። ግቢ ውስጥ ነገሩ ወደ ስድብ ተቀየረ፦ «በአፈርማቲቭ ነው የገባችው።» በጥሩ ውጤት የገባችውም ሳትቀር ስሙ ተለጠፈባት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ግን የጥቂት ነጥብ ጭቅጭቁ ከሥሩ ተናጋ። መቶ ሰው ተፈትኖ ሦስት ሰው ባለፈበት አገር መጠየቅ ያለበት ከፈተናው በፊት ያለው 12 ዓመት ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ማታ ለጥናት መብራቱ የማይደርሳት ማን ናት?

የገባችውስ? እዚህ ላይ ፖሊሲው ዝም ሲል ተማሪዎች ተናገሩ። በእ.ኤ.አ. 2011 በስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት ቤት መምህርት ብሌን ሣህሉ፣ ተማሪዋ ሕሊና ብርሃኑና ጓደኞቻቸው ለሴቶች መብት የቆመውን የሎው ሙቭመንትን ጀመሩ። የቢዝነስ ተማሪዎች የጀመሩት አልነበረም፤ አሠራሩ ግን የነጋዴ ነበር። በቫለንታይን ቀን አበባ ሸጠው ገቢውን ገንዘብ ለቸገራቸው ሴት ተማሪዎች ያውሉ ነበር። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የሚያልፈውን ተማሪ አስቁመው ስለ ጥቃትና ስለ እኩልነት ይከራከሩ ነበር። ስለ ጾታ እኩልነት በአዳራሽ ብዙ ስብሰባ ይደረጋል፤ ስብሰባ የሚመጣው ግን አስቀድሞ ያመነው ሰው ነው። ጠረጴዛው መንገድ ላይ ሲሆን ያላመነውም፣ የሚያሾፈውም ይቆማል።

ጠረጴዛው ላይ የሚነሣው ጥቃት ብቻ እንዳይደለ ግቢ የኖረ ያውቃል። ከገጠር የመጣች ፍሬሽ ተማሪ የንጽሕና መጠበቂያ መግዣ አጥታ ክፍል ትቀራለች፤ የሚድ ፈተና ያመልጣታል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግሬዷ ይወርድና ሰው «ቀድሞም በነጥብ ዝቅታ የገባች ናት» ይላል። አበባ የተሸጠው ለዚህ ነው።

በቢዝነስ ክፍል ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ማንም ክስ የማያቀርብበት። የቡድን ሥራ ይሰጣል፤ አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አራት ወንድና አንዲት ሴት። የቢዝነስ ፕላን ነው። ሐሳቡን ሁሉም ያዋጣል፣ ብዙ ጊዜ የተሻለውን እሷ። ከዚያ ማን ያቅርብ ሲባል አንዱ እጁን ያወጣል፤ ሌላው ላፕቶፑን በፈገግታ ወደ እሷ ያዞራል፦ «አንቺ ተይቢው፣ ጽሑፍሽ ያምራል።»